ተቀምጦ የቆየ ደም አርጅቷልን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)




የዓመቱን የሂሳብ ሪፖርት እስከ መጨረሻው አዳምጣችሁ ከደከማችሁ በኋላ እንደገና ንግግር አዳምጡ ስንላችሁ ትዕግሥታችሁን በመለመን ነው። ዳኛችንም “ነገሩን አሳጥሩት፣ ቡናው እየፈላ ነው” ብለውናል። ለማሳጠር እንሞክራለን። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የያንዳንዳችንን ቤት የሚነካ ስለሆነ ቸል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጉዳዩ የደም ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የለገሰው ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ሲቆይ ምን ይሆናል? ምን ይጎድልበታል? ለሚወስደው ሕመምተኛስ ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ይህን እንደ ዐቅማችን ለመግለጽ ተዘጋጅተናል። ከንዑስ ኮሚቴው አባላት መካከል አንዱ በላቦራቶሪ፣ አንዷ በነርስነት ሙያ ለብዙ ዓመታት ያገለገልን ስንሆን፣ የቀረነው ደግሞ እንደ እናንተው ጠይቀንና አንብበን የተረዳን ነን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

የዚያች ሌሊት ነገር

አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዱ አባላችን ባለቤት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን እርሷም ባለቤቷም ፈቅደውልናል። ጊዜው ሌሊት ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ “ደም አሁኑኑ ያስፈልጋታል” አለ። ደግነቱ ለእርሷ የሚስማማ ሁለት ከረጢት ደም በሐኪም ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። ባልየው ግን ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን ቀን አየ። ደሙ ከተቀዳ 24 ቀን ሆኖታል።

“ይህ እኮ ወር ሊሞላው ነው! ሥጋ እንኳ በፍሪጅ ይህን ያህል አይቆይም። ለሚስቴ ያደረ ደም አይሰጣትም!” ብሎ ተቆጣ። የሴትዮዋ ወንድም ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ፣ “የእኔን ትኩሱን ውሰዱ። አንድ እናት ነው የወለደችን፤ ከእኔ ደም የሚሻል ከየት ይመጣል?” አለ።

እኛስ ምን አደረግን? ከእድሩ የሄድን ሰባት ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርን። አብዛኞቻችን “እውነቱን ነው፤ የከረመ ደም ምን ያደርጋል!” እያልን ባልየውን አበረታታነው። ከመካከላችን ነገሩን የምናውቀው እንኳ በሰው ጭንቀት መሐል ገብቶ መከራከር ከብዶን ዝም አልን። በዚህ ክርክር አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። በመጨረሻ በዕድሜ የገፉ አንዲት ነርስ ብቅ አሉና፣ “ልጄ፣ ትኩስ ደም እስኪፈለግ ድረስ ቆማ የምትጠብቅህ ይመስልሃል?” አሉት። ባልየው ያን ጊዜ ፈረመ። ደሙም ተሰጣት።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ዛሬ ከነልጇ በመካከላችን ተቀምጣለች። ያቺ አንድ ሰዓት ከሩብ ግን የእኛ ጥፋት ናት። የባልየው ብቻ አይደለችም፤ የመከርነውም፣ ዝም ያልነውም ተካፋዮች ነን። ነገ ሌላ እናት ብትገጥመን እንደዚያ ላንተርፍ እንችላለን። ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ደም ማስቀመጥ እንዴት ተጀመረ?

ደም ከሰውነት ሲወጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በዚህም ምክንያት በጥንቱ ዘመን ደም ለመስጠት ሰጪውንና ተቀባዩን ጎን ለጎን አስተኝቶ ቶሎ ቶሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ግድ ነበር። ሰጪ ካልተገኘ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። በ1901 ካርል ላንድስታይነር የተባለው የቪየና ሊቅ የሰው ደም የተለያየ ዓይነት እንዳለው አስታወቀ። ለማስቀመጥ የሚያስችለው መንገድ የተገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1914 በቤልጂግ አልበርት ኡስተን፣ በአርጀንቲና ሉዊስ አጎቴ፣ ሲትሬት የተባለ ጨው ደም ውስጥ ቢጨመር መርጋቱን እንደሚከለክል በሰው ላይ አሳዩ። በ1915 ደግሞ ሪቻርድ ሉዊሶን በኒው ዮርክ ሰውን የማይጎዳውን የሲትሬት መጠን ለየ። በ1916 ራውስና ተርነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሲትሬቱ ጋር ስኳር ቢጨመርበት ደሙ ብዙ ቀን እንደሚቆይ ደረሱበት።

በ1917 ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሣይ ግንባር ደም አስቀድሞ እየቀዳ፣ በበረዶ እያቆየ ለቁስለኞች አደረሰ። በ1937 በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ይህን ሥራ አቋቁሞ “የደም ባንክ” የሚል ስም ሰጠው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 የደም ባንክ አገልግሎት ጀመረ፤ ኋላም ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ተሸጋግሯል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የደም ባንክ አሳቡ ከእድር አሳብ የራቀ አይደለም። ድንኳንና ወንበር የምንገዛው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፤ በደህናው ጊዜ ነው። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ መዋጮ እንሰብስብ ብንል ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቀር ነበር። ደምም እንዲሁ ነው።

ሲቀመጥ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ባልየው “ደሙ አርጅቷል” ያለው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ደም ሕይወት ያለው ነገር ነውና ሲቆይ ይለወጣል። ይህን መደበቅ አይገባንም።

ከአንድ ለጋሽ የሚቀዳው ደም 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሚገባበት የፕላስቲክ ከረጢት ባዶ አይደለም። ሲትሬት፣ ፎስፌት፣ ስኳርና አዴኒን የተባሉት ነገሮች የተቀላቀሉበት ፈሳሽ አለው። ሲትሬቱ እንዳይረጋ ይጠብቀዋል፤ ስኳሩና የቀሩት ደግሞ ለቀይ የደም ሕዋሶች ስንቅ ናቸው። በዚህ ፈሳሽ የተያዘ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ 35 ቀን ይቆያል። ቀይ ሕዋሱ ለብቻው ተለይቶ ተጨማሪ ፈሳሽ ሲደረግበት ደግሞ እስከ 42 ቀን ይደርሳል። እነዚህ ቀኖች በግምት የተቆረጡ አይደሉም። በመጨረሻው ቀን እንኳ ቢሰጥ፣ ከተሰጡት ቀይ ሕዋሶች ከመቶ 75 ያህሉ ከ24 ሰዓት በኋላ በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ሲዘዋወሩ መገኘት አለባቸው በሚል መመዘኛ የተወሰኑ ናቸው።

በነዚህ ቀኖች ውስጥ የሚከተሉት ነገሮች ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ ሕዋሶቹ ስንቃቸውን ይበላሉ። ስኳሩን ሲጨርሱ የሚተርፈው አሲድ ነው፤ ስለዚህ ደሙ ቀስ በቀስ ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። ቅዝቃዜው የሚጠቅመው ይህን አበላል ስለሚያዘገይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርጻቸው ይለወጣል። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ መሐሉን በአውራ ጣት እንደተጫኑት ክብ ሊጥ ነው፤ ተጣጥፎ በቀጭኑ የደም ሥር ያልፋል። ስንቁ ሲያልቅ ግን ጠርዙ እየተንጨፈረረ፣ ኋላም እንደ ኳስ እየተድቦለቦለና እየጠጠረ ይሄዳል። እንዲህ የሆኑትን ሰውነት ቶሎ ያስወግዳቸዋል።

ሦስተኛ፣ ኦክስጂን መልቀቅ ያስቸግራቸዋል። ኦክስጂንን ለሰውነት እንዲለቁ የሚረዳቸው አንድ ንጥረ ነገር በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ይህ ቢያሳስብም፣ ደሙ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ሕዋሶቹ ራሳቸው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መልሰው ይሠሩታል።

አራተኛ፣ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ከሕዋሶቹ እየሾለከ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ለአዋቂ ሰው አንድ ሁለት ከረጢት ሲሰጥ ይህ አያሰጋም። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ብዙ ደም ሲሰጥ ወይም አዋቂ ቢሆንም በአጭር ጊዜ ብዙ ከረጢት ሲገባለት ግን ልብን ሊያውክ ይችላል። የሕፃን ደም ሙሉ ለሙሉ በሚለወጥበት ጊዜ ሐኪሞች ጥቂት ቀን ብቻ የቆየ ደም የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ጥቂቶቹ ሕዋሶች ይፈነዳሉ። በሥርዓት የተያዘ ደም ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ቀን የሚፈነዳው ከመቶ አንድ እንኳ መሙላት የለበትም።

ከቀይ ሕዋስ ሌላ ደግሞ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እነዚህ ቅዝቃዜ አይወዱም። በ20 እና በ24 ዲግሪ መካከል፣ ሳያቋርጡ እየተወዘወዙ ይያዛሉ፤ የሚቆዩትም ባብዛኛው 5 ቀን ብቻ ነው። ፈሳሹ ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው ደግሞ በረዶ ሆኖ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ስለዚህ “ደም ይህን ያህል ጊዜ ይቆያል” ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። የትኛው ክፍል ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ የቆየው ሕመምተኛውን ይጎዳልን?

ይህን ጥያቄ የጠየቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2008 በአሜሪካ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ የመረመሩ ሐኪሞች፣ ከ14 ቀን በላይ የቆየ ደም የወሰዱት የበለጠ እንደተጎዱ ጽፈው ዓለምን አሳሰቡ። መዝገብ አገላብጦ ማየት ግን አንድ ችግር አለበት። ብዙ ደም የሚያስፈልገው በጣም የታመመው ነው፤ ብዙ ከረጢት ለወሰደ ሰው ደግሞ ከከረጢቶቹ አንዱ የቆየ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ የጎዳው በሽታው ይሁን የደሙ ዕድሜ፣ ከመዝገብ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ፈተና ተደረገ። ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አዲስ፣ ለሌላው የቆየ ደም መስጠት ማለት ነው። በ2015 ውጤቱ የታወቀው የኡጋንዳው ጥናት ለኛ በጣም የቀረበ ነው። በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ብርቱ የደም ማነስ የያዛቸው 290 ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ። ለግማሾቹ ከ1 እስከ 10 ቀን የቆየ፣ ለግማሾቹ ከ25 እስከ 35 ቀን የቆየ ደም ተሰጠ። ሰውነታቸው ኦክስጂን በማጣቱ የተጠራቀመው አሲድ በስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ ደህናው መጠን የወረደላቸው፣ አዲሱን ከወሰዱት ከመቶ 58፣ የቆየውን ከወሰዱት ከመቶ 61 ሆኑ። የቆየው ደም ከአዲሱ አላነሰም።

በ2016 ደግሞ በአውስትራሊያ፣ በካናዳ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሃያ ሺህ በላይ ሕመምተኞች የተመዘኑበት ጥናት ወጣ። በአማካይ 13 ቀን የቆየ ደም ከወሰዱት መካከል በሆስፒታል የሞቱት ከመቶ 9.1፣ በአማካይ ወደ 24 ቀን የቆየ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 8.7 ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በጽኑ ሕሙማንና በልብ ቀዶ ሕክምና የተደረጉት ፈተናዎችም ወደዚሁ አመሩ።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ደም ሲቀመጥ መለወጡ እውነት ነው። ጊዜው እስካላለፈና ቅዝቃዜው እስካልተጓደለ ድረስ ግን ለውጡ አብዛኛውን ሕመምተኛ የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። ለሕፃናትና ብዙ ከረጢት ለሚወስዱት የሚደረገውን ጥንቃቄ ሐኪሙ ያውቀዋል። ያቺ እናት የወሰደችው የ24 ቀን ደም ደኅና ደም ነበር።

መቀመጡ የሚሰጠው ጥቅም

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላሰብነው ነገር አለ። ደም መቀመጡ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ደግሞ ለምርመራ ያገለግላል። የተቀዳ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለት ዓይነት የጉበት በሽታ፣ ማለትም ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም ለቂጥኝ ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም። ሌሊት በችኮላ ከወንድም ክንድ ተቀድቶ እንደ ሞቀ የሚገባ ደም ግን ይህን ሁሉ በሥርዓቱ ለማለፍ ጊዜ የት አለው? እኛ “ትኩስ” ብለን የምናሞግሰው ብዙ ጊዜ “ያልተመረመረ” ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ቅዝቃዜ በሽታን ያጠፋል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የቂጥኝ ተሕዋስ በማቀዝቀዣ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይሞታል። የኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ቫይረሶች ግን አይሞቱም፤ የወባ ተሕዋስም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ በቅርብ ጊዜ የተያዘ ሰው በሽታው በምርመራ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ደም ከመስጠታችን በፊት ለሚቀርብልን ጥያቄ እውነቱን መመለስ የምርመራው ግማሽ ነው።

“የወንድሜ ደም ይሻላል” የሚለውንም እናንሣ። የዘመድ ፍቅር እንጂ የዘመድ ደም ብልጫ የለውም። እንዲያውም አንድ ከባድ አደጋ አለው። ትኩስ ደም ውስጥ ሕይወት ያላቸው ነጭ የደም ሕዋሶች አሉ። የቅርብ ዘመድ ደም ሲሆን የተቀባዩ ሰውነት “ባዕድ ናቸው” ብሎ ላያስወግዳቸው ይችላል፤ እነርሱ ግን በተቀባዩ ሰውነት ላይ ይነሣሉ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጃፓን በ1980ዎቹ ዓመታት፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የዘመድ ትኩስ ደም በወሰዱ ሰዎች ላይ በግልጽ ታይቷል። የዘመድ ደም መስጠት ግድ ሲሆን አስቀድሞ በጨረር እንዲታከም የሚደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። ባል ደግሞ ገና ልትወልድ ለምትችል ሚስቱ ደም ባይሰጥ ይመረጣል፤ የእርሱ ደም በሰውነቷ ውስጥ የሚያስነሣው መከላከያ ኋላ የሚረገዘውን ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። የዚያን ሌሊት እጅጌውን የሰበሰበው ወንድማችን ይህን አያውቅም ነበር። በፍቅር ነው ያደረገው።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው

የደሙን ዕድሜ ስንቆጥር የረሳነው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። መርፌው ቆዳን ሲወጋ አንዳንድ ባክቴሪያ ከደሙ ጋር ሊገባ ይችላል። በቅዝቃዜ ውስጥ አብዛኛው አይራባም። ደሙ ሲሞቅ ግን ይፈላል። በቅዝቃዜም ቢሆን የሚራቡ ጥቂት ዓይነቶች አሉና ነርሷ ከመስጠቷ በፊት ከረጢቱን በዓይኗ ትመረምራለች። ቀለሙ የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የተለወጠ፣ የረጋ ነገር ያለበት፣ አረፋ የያዘ ወይም የሚያፈስ ከሆነ አይሰጥም።

ስለዚህም ከማቀዝቀዣ የወጣ ከረጢት ሳይሰጥ ቢቀርና ውጭ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተመልሶ አይቀመጥም። መስጠት ከተጀመረም በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ማሞቅ ካስፈለገ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ በሙቅ ውሃ፣ በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ ማሞቅ ሕዋሶቹን ያፈነዳል። ማቀዝቀዣው በጣም በርትቶ ደሙ በረዶ ቢሆንም እንዲሁ ሕዋሶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ያ ደም ይጣላል።

ከአባሎቻችን አንዱ ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። እናቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ደም እንዲያመጣ ላኩት። የበረዶ ሣጥን የሰጠው አልነበረም። እርሱም “በርዶ እንዳይጎዳት” ብሎ ከረጢቱን በጋቢው ሥር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ታክሲ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶ አደረሰው። ነርሷ ስትነካው ሞቋል። ሳይሰጥ ተጣለ። አንድ የማናውቀው ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም በእንዲህ ያለ የዋህነት ጠፋ። ሰውዬው ቢያውቅ ኖሮ አያደርገውም ነበር። እንግዲህ ማንኛችንም ደም አምጡ ብንባል አስቀድመን “የሚያዝበት የበረዶ ሣጥን የት አለ?” ብለን እንጠይቅ። በረዶውም ከረጢቱን በቀጥታ እንዳይነካ ይደረግ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ንዑስ ኮሚቴው ተወያይቶ ለጉባዔው የሚያቀርባቸው አሳቦች አሉት።

አንደኛ፣ በሐኪም ቤት በር ላይ ስንቆም ቤተ ሰቡን “የቆየ ደም አትቀበሉ” ብለን አንምከር። የምንጠይቀው ሌላ ነው። በከረጢቱ ላይ ያለው ስምና የደም ዓይነት ከሕመምተኛው ጋር ተመሳክሯል ወይ? የማብቂያ ቀኑ አላለፈም ወይ? ከማቀዝቀዣ የወጣው መቼ ነው? እነዚህን በትሕትና መጠየቅ መብታችን ነው፤ ሐኪሙንም ያግዘዋል እንጂ አያስቆጣውም።

ሁለተኛ፣ በሰው ጭንቀት ጊዜ የምናውቀውን ለመናገር አንፈር። ዝምታችን ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደነበር አይተናል።

ሦስተኛ፣ አስቀድመን እንስጥ። ከ18 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ በምርመራም ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል።

አራተኛው ላይ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን “እድር ነው፣ ደም ያልሰጠ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ” አልን። አሳቡ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ኋላ ሁላችንም ተውነው። ቅጣት የሚፈራ ሰው ሕመሙን ይደብቃል። ገንዘብ የሚከፈለውም እንዲሁ። መስጠት የሌለበት ሰው ተገድዶ ቢሰጥ ጉዳቱ ለሕመምተኛው ነው። ስለዚህ በፈቃድ ብቻ ይሁን። ማን ሰጠ፣ ማን አልሰጠም ብሎ የሚመዘግብ ደብተርም አይኑር። ያልሰጠውን “ለምን?” ብለን አንጠይቅ፤ ለራሱ የሚያውቀው ምክንያት ይኖረዋል።

አምስተኛውና የመጨረሻው አሳባችን ከዛሬው ንግግር በቀጥታ የመጣ ነው። ባለፈው ዓመት ለበዓል “ሁላችንም ባንድ ቀን ወጥተን እንስጥ” ተብሎ ነበር። መልካም አሳብ ነው፤ ሰልፉም ያምራል። ግን ደም ባንክ ጎተራ አይደለም፤ ጤፍ አስገብተው ዓመቱን ሙሉ የሚቀለቡበት አይደለም። ባንድ ቀን የሰጠነው ቀይ ደም ከ35 ቀን በኋላ፣ ፕሌትሌቱ ደግሞ ከ5 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ለምትወልደው እናት፣ መኪና ለሚገጨው ልጅ ምን ይቀራል? ስለዚህ ፈቃደኞቹ አባላት በአራት ምድብ ተከፍለን በየሦስት ወሩ አንድ ምድብ ይሂድ እንላለን። የአንዱ ምድብ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጥ እንኳ፣ ከእድራችን በዓመት አራት ጊዜ ደም ይሄዳል። ሌሎች የሠፈራችን እድሮችም ወራቸውን ከእኛ ለይተው ቢይዙ፣ ማቀዝቀዣው ባዶ የሚሆንበት ቀን ያጥራል።

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፤

እኛ አንድ ላይ የቆምነው ለቀብር ነው። ሬሳ አንሥተን፣ ድንኳን ተክለን፣ ሐዘንተኛ አስተዛዝነን እንመለሳለን። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አባቶቻችን ያወረሱን ነውና አንተወውም። ነገር ግን ጥሩምባው እንዳይነፋ ማድረግ የሚቻልበት ቀን ካለ፣ ለዚያም መዋጮ ማዋጣት የእድራችን ሥራ ነው እንላለን። የዚያን ሌሊት ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበሩትን ሁለት ከረጢቶች ማን እንደ ሰጣቸው አናውቅም። ከ24 ቀን በፊት፣ ማንም ሳይለምነው፣ ሄዶ የሰጠ ሰው ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ቆመን ያጣጣልነው የዚያን ሰው ስጦታ ነበር።

የመጀመሪያው ምድብ የሚሄድበት ቀን በዛሬው ጉባዔ እንዲወሰን እንጠይቃለን። ባልየው፣ ያ “ያደረ ደም አልቀበልም” ያለው አባላችን፣ በመጀመሪያው ምድብ ስሙን እንድናስገባ ከጉባዔው በፊት ነግሮናል። የባለቤቱም ወንድም አብሮት ይሄዳል።

 ጥያቄ ያላችሁ በቡናው ላይ ጠይቁን።